የዶሮታ ዓምድ

እህቴ ዶሮታ ፊደል ሳትቆጥር ነው የሞተችው። ቢሆንም እኛ ስሎቫኮች ከጀርመኖችና ከሀንጋሪዎች ጋር ተደባልቀን በምንኖርበት በስፒሽ ምድር ባለችው ከተማችን ለተማሪዎች የተዘጋጀው መዝገበ ቃላት ሲጻፍ፣ ሩብ ያህሉን የተናገረችው እሷ ነበረች።

ባሏ ማቲያስ የላቲን መምህር ነበር። በትምህርት ቤቱ ከላቲን ሌላ ቋንቋ ከአፉ ያመለጠው ልጅ ይገረፋል። ከገጠር ለሚመጡት ለእኛ ለስሎቫኮች ልጆች ደግሞ የላቲኑ ቃል የሚፈታላቸው በጀርመንኛ ስለሆነ፣ የማያውቁትን በማያውቁት እየተማሩ በየቀኑ ጀርባቸው ይላጣል። ማቲያስን ይህ አንገበገበው። እያንዳንዱን ቃል በላቲን፣ በጀርመንኛ፣ በሀንጋርኛና በእኛው በስሎቫክኛ፣ ጎን ለጎን በአራት ዓምድ የሚያስቀምጥ መጽሐፍ ልጻፍ ብሎ ተነሳ።

ለሦስቱ ቋንቋዎች የሚያመሳክረው መጽሐፍ አላጣም። ለእኛ ቋንቋ ግን የነበረችው ዶሮታ ብቻ ናት። ሊጥ ስታቦካም፣ ጎመን ስትከትፍም ወረቀቱን ይዞ አጠገቧ ይቆማል። አንድ ቀን አረፋን ምን ትሉታላችሁ ብሎ ጠየቃት።

«የምኑን አረፋ?» አለችው።

«አረፋ ነዋ። በላቲን አንድ ነው።»

«እንግዲያው ላቲኖችህ ላም አልበው አያውቁም።»

ከዚያ የወተቱን፣ የሾርባውንና የወንዙን አረፋ በየስሙ ነገረችው፤ እሱም እየሳቀ ሦስቱንም ጻፈ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖሩ። ልጅ አልወለዱም።

አታሚው ጋሽፓር ረቂቁን ሲያይ አራት ዓምድ አንድ ገጽ ላይ አይገባም አለ። ገበሬ እንደሆነ መጽሐፍ አይገዛም፣ አራተኛው ይውጣና ዛሬ ነገ ሳልል ልጀምር አለ። ማቲያስ ሳምንት ሙሉ ሲብሰለሰል ከርሞ በመጨረሻ እሺ አለ። ለዶሮታ ሲነግራት እኔም ማዕድ ላይ ነበርኩ። ለጊዜው ነው፣ በሚቀጥለው እትም ይገባል አላት። ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። «መጽሐፉ ያንተ ነው» ብላ ተነሳች። ከዚያ በኋላ ስለ ቃል ሲጠይቃት መልስ ሰጥታው አታውቅም።

መጽሐፉ በሦስት ዓምድ በታተመ በሁለተኛው ዓመት ቸነፈር ገባና በአራት ቀን ወሰዳት። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲያስቀባጥራት በቋንቋችን ብዙ ነገር ተናገረች። ማቲያስ አልጋዋ ሥር ተቀምጦ እጇን ይዞ ያለቅስ ነበር።

ከቀብሯ ማግስት የእሷ ዓምድ ያለበትን ረቂቅ መልሶ ሊቀበል ወደ ማተሚያ ቤቱ ሄደ። ጋሽፓር ግራ ገባው። የታተመ ረቂቅ ማን ያስቀምጣል፤ ወረቀቱ እየተደራረበ ተለጥፎ የዚያው የመዝገበ ቃላቱ ልባድ ማጠንከሪያ ሆኗል አለው።

በሳምንቱ ልጠይቀው ስሄድ ወጥ ቤት ተንበርክኮ አገኘሁት። ከተማሪዎች የሰበሰባቸውን መጻሕፍት ልባዳቸውን እየገነጠለ ገንዳ ውስጥ ይዘፈዝፋል። ሙጫው ሲለቅ ቀለሙም አብሮ ይለቃል። ከአርባ መጽሐፍ ሊያነባቸው የቻለው አሥራ አንድ ቃላት ብቻ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ስለተበላሹት መጻሕፍት ከሥራ አባረረው።

አሳዘነኝ። እኔም የእናቷ ልጅ ነኝ፣ ቃሉን እኔ ልንገርህ አልኩትና ጀመርን። ግን በነገርኩት ቁጥር ብዕሩን አቁሞ፣ ዶሮታ እንዲህ አላለችም ይለኛል። ታዲያ እሷ ያለችውን ንገረኝ ስለው አያስታውሰውም። ሦስት ሳምንት ታገስኩት። የማረሻን ስም ለአምስተኛ ጊዜ ሲመልስብኝ ግን አላስቻለኝም።

«የእሷን ከፈለግህ» አልኩት፣ «በቁሟ ሳለች ለምን ቆርጠህ ጣልካት?»

ማቲያስ ወረቀቱን ቀስ ብሎ አጣጠፈው። «ልክ ነሽ፣ ማርጊታ» አለኝ። በማግስቱ ስመጣ በሩን አልከፈተልኝም።

ይኸው አራት ዓመት ሆነ። አሁን ከአንዲት መበለት ቤት ጓሮ፣ ጠባብ ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል። እሁድ እሁድ የጎመን ሾርባ አደርስለታለሁ። ያን ቀን የተናገርኩትን ይቅር በለኝ ልለው አስቤ እገባለሁ። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይበላል። እኔም ሳልለው ባዶውን ዕቃ አንስቼ እወጣለሁ።