አንዲት የቀረች ቃል

አባቱ የአውቶቡስ መናኸሪያው ድምፅ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠባብ ክፍል ውስጥ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጠው የትኛው አውቶቡስ ሊነሳ እንደሆነ፣ የማን ሻንጣ እንደተረሳ፣ የየትኛዋ እናት ልጅ እንደጠፋ ሲያስታውቁ ኖረዋል። ቤት ሲገቡም አያርፉም፤ የቀኑን ወሬ ከነድምፁ ራት ላይ ያመጡት ነበር። ጡረታ ወጥተው ብዙም ሳይቆዩ ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሰሰና ቀኝ እጃቸውንም ንግግራቸውንም ይዞባቸው ሄደ። የተረፈቻቸው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፦ «እንግዲህ»።

በዚያች ቃል ግን ቤቱን ያስተዳድሩ ነበር። ሲርባቸው ሌላ፣ ሲናደዱ ሌላ፣ ልጆቻቸው ተኮራርፈው ሲያዩ ሌላ «እንግዲህ» ነበራቸው። ከባሏ ተለያይታ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰችውና የምታስታምማቸው ትልቋ ልጃቸው ሁሉንም ለይታ ታውቃለች። ታናሽ ወንድሟ የፊልም ጸሐፊ ነው። እሱ ደግሞ ያችን ቃል ለፊልም ጻፋት።

አብራው የምትጽፈው ሴት በዕድሜም በሙያም ትቀድመዋለች። ትርፍ ዓረፍተ ነገር ስታይ እጇ ስለማያርፍ የሙያ ጓደኞቿ «መቀስ» ይሏታል። አንድ ማተሚያ ቤት ፎቅ ላይ በተከራዩዋት ክፍል ውስጥ፣ ከሥር ማሽኑ ወለሉን እያንቀጠቀጠው፣ በአንድ ትዕይንት ተከራከሩ። ልጆች የታመመ አባታቸውን ማን ይያዘው ብለው ይጣላሉ፤ አባትየው መካከላቸው ተቀምጦ ለሁሉም «እንግዲህ» ይላል።

«ይስቃሉ» አለች መቀስ።

«ማን?»

«ተመልካቹ ነዋ። አንድ ቃል አንዴ ሲባል ያዳምጣል፤ ሲደገም ይጠረጥራል፤ ሦስተኛው ላይ ይስቃል። ክፋት አይደለም፣ ጆሮ እንዲህ ነው። አንዷን ተዋትና በሌላው ዝም ይበል።»

«አባባ እኮ ቀኑን ሙሉ ነው የሚሏት። እውነቱ ይኸው ነው።»

«እውነት መሆኑን አንተ ታውቃለህ። ተመልካቹ እናንተ ቤት ገብቶ አያውቅም።»

«እንዲገባ ብዬ አይደል የምጽፈው?»

መቀስ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። እንዲህ ግግም ሲል አይታው አታውቅም። «እሺ፣ ያንተ አባት ናቸው» ብላ ገጹን ሳትነካው መለሰችለት።

ፊልሙ የተመረቀው አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። እህቱ አባቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ ለሠርግ የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳ መጣች። እሱና መቀስ የሰዉን ሁኔታ ለማየት መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ፕሮዲውሰሩ ሳያማክራቸው ለአባትየው ቦታ በቀልድ የታወቀ ተዋናይ መርጦ ነበር። ሰውየው ግን በሚገባ ነው የተጫወተው፤ አላጋነነም፣ አልቀለደም። የመጀመሪያዋ «እንግዲህ» ስትወጣ አዳራሹ ጸጥ አለ። አንዲት ሴት አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማ፤ የጸሐፊው ልብ ሞቅ አለ። ሁለተኛዋ ላይ ከፊት ረድፍ አንድ ሰው ሳቁን ማፈን አቃተው። ሦስተኛዋ ላይ አዳራሹ አውካካ። ከዚያ ወዲያ የሚመልሰው ጠፋ። ልጅየዋ አባቷ እግር ላይ ተደፍታ «ይቅር በለኝ» እያለች ስታለቅስ፣ ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት ሰዉ ቀድሞት «እንግዲህ!» ብሎ ጮኸና አጨበጨበ።

እህቱ ተነሳች። ቀሚሷን ሰብስባ፣ በሰዎች ጉልበት መሀል እየተሹለከለከች ወጣች። ተከትሏት ሲሮጥ በሩ ላይ ፕሮዲውሰሩ አቀፈው።

«እጅህ ይባረክ! ኮሜዲ ነው እንዴ የጻፍከው? ምናለ ብትነግረኝ!»

ከእቅፉ እስኪላቀቅ እህቱ ሄዳለች።

ፖስተሩ ወዲያው ተቀየረ፤ ቃሏ በቀይ ትልልቅ ፊደል ተጻፈችበት። ከዚያ ከተማው ላይ ተለቀቀች። ወረፋ ላይ የቆመ ሰው ይላታል፤ የሬዲዮ አዘጋጅ ይላታል፤ ሹፌር መንገድ ሲዘጋበት ከመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይላታል። አንድ ቀን ሻይ ቤት ተቀምጠው መቀስ ስኳር እንደሌለ ለአስተናጋጁ ብትነግረው፣ አፉን ጠመም አድርጎ «እንግዲህ!» አለና በራሱ ቀልድ እየሳቀ ሄደ። ማን እንደጻፋት አያውቅም።

«ዕድሜዬን ሙሉ ስጽፍ» አለች መቀስ፣ «ከቃሎቼ አንዷ እንኳ በሰው አፍ ስትዞር ሰምቼ አላውቅም። ሙያተኛው ሁሉ የሚመኘው ይህንን ነው።»

«እኔ ሳቁ አላልኩም።»

«አልቅሱ ብትላቸውስ መች ይሰሙሃል? ጌቶቹ እኛ የምንሆነው ወረቀቱ ከእጃችን እስኪወጣ ነው። ሰዉ ደክሞት ነው የሚመጣው፣ ከየቤቱ ስንቱን ተሸክሞ። መሳቂያ ካገኘ አይምርም።»

«እኔስ? የተሸከምኩትን የት ላድርሰው?»

መቀስ ስኳር የሌለውን ሻይ ማማሰሏን ቀጠለች።

አባትየው ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ወንበር ይወጣላቸዋል። ሰፈሩ ፊልሙን ሲያይ ቃሏ የማን እንደሆነች ገባው። መንገደኛው ቆም እያለ «አባባ፣ እንዴት ዋሉ?» ይላቸዋል፤ ሲመልሱለት ይንከተከታል። መጀመሪያ ደስ አላቸው። ሰው ለምደው የኖሩ ናቸውና፣ ከታመሙ ወዲህ የቀረው ጠያቂ ሁሉ ተመልሶ የመጣላቸው መሰላቸው። አብረው ይስቁ ነበር። ልጃቸው ልታስገባቸው ስትል በደህናው እጃቸው የበረንዳውን ብረት ሙጭጭ አድርገው ይይዛሉ።

አንድ ቀን አንድ ጎረቤት ደስ ይበላቸው ብሎ ያን ትዕይንት በስልኩ ከፍቶ አሳያቸው። ሲኒማ ቤት ውስጥ በድብቅ የተቀዳ ስለነበር የአዳራሹ ሳቅ አብሮ ነበር። የተጣመመውን አፍ፣ ጭን ላይ የተጣለውን እጅ፣ ሁሉንም እስከ መጨረሻው አዩ። ስልኩን መለሱለት። ከዚያ ወዲህ ከአፋቸው ምንም አልወጣም።

እህቱ ደወለች። ከምረቃው ወዲህ ስታናግረው የመጀመሪያዋ ነበር። «ማሙሽ፣ ና» ብቻ ብላ ዘጋችው።

ቤት የተጠራው ሐኪም አገላብጦ መረመራቸው። «አዲስ ነገር የለም» አለ። «እንደ ድሮው መናገር የሚችሉ ይመስለኛል።»

«ታዲያ ምን ሆነው ነው?» አለች ልጅየዋ።

«እሱን እናንተ ብታውቁ ነው።»

ሐኪሙ ሲወጣ ጸሐፊው አባቱ እግር ሥር ቁጢጥ አለ። «አባባ፣ ላላግጥብዎት አልነበረም። ሰው እንዲያውቅዎት ብዬ ነው።» አባቱ ፊት ለፊት አዩት። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ጨዋ ሰው የማያውቀውን መንገደኛ እንደሚያይ አዩትና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

ወጥ ቤት እህቱ ሳህን እያጠበች ነበር። ዞራ አላየችውም።

«ጠዋት መጋረጃውን ስከፍት ለእኔ ብቻ የሚሏት ‹እንግዲህ› ነበረች» አለች። «ያቺን ለማንም አልነገርኩም፣ ላንተም። እሷንም ወሰድካት።»

«እትዬ...»

«ተወኝ። ይሄን ብቻ አትጻፈው።»

ፕሮዲውሰሩ ክፍል ሁለትን አዘዘ። ጸሐፊው እምቢ አለ፤ መቀስ ደወለችለት።

«እኔ ልያዘው። እኔ ካልጻፍኩት የባሰው ይጽፈዋል። አባትየውን መጀመሪያው ገጽ ላይ እገድለዋለሁ። ለአባትህ ላደርግላቸው የምችለው ይኸው ነው።»

«ፕሮዲውሰሩ አይፈቅድልሽም።»

«አውቃለሁ» አለች።

ወንበሩ ከበረንዳው ወደ ሳሎን ገባ። ቢሆንም በር የሚያንኳኳ አልጠፋም። አንድ ከሰዓት በኋላ እሱ ሲከፍት ጥቁር የለበሰች ወጣት ሴት ቆማለች።

«ላስቸግራችሁ አይደለም» አለች። «አባቴም እንዲሁ ነበር፤ የእሱ ቃል ‹ቆይ› ነበረች። እሱን ከቀበርን ወዲህ እናቴ የሳቀችው ፊልሙን ያየን ቀን ነው። ስትስቅ ስታለቅስ አመሸች። ላመሰግናቸው ፈልጌ ነው።»

ጸሐፊው ይህችን ሴት ነበር የሚፈልገው፤ ለእሷ ነበር የጻፈው።

«ተኝተዋል» አላት።

«ሲነሱ ይንገሩልኝ።»

በሩን ዘጋ። አባቱ አልተኙም ነበር፤ ወንበራቸው ላይ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። አጠገባቸው ተቀምጦ ያቺ ቃል ትወጣ እንደሆነ ጠበቀ። ሳሎኑ ሲጨላልም እህቱ መጥታ መብራት አበራች። አባቷን ወደ አልጋቸው ልትወስድ በአንዱ ብብታቸው ሥር ገባች፤ እሱም በሌላው በኩል ያዛቸው።