የማፊ ቀለም

…ቡናማ፣ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ፣ ቡናማ ማለት እኮ ጠብ አላለም ማለት ነው፣ ሰማኸኝ የዝናብ መዝገብ ቢሮው ውስጥ ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል፣ የሱዳኗ ገዳሪፍ እርሻዎች በየረድፋቸው ተደርድረዋል፣ የዘነበበት ቀን ሰማያዊ፣ ያልዘነበበት ቡናማ፣ የታችኛዋ ረድፍ የአባቱ ናት፣ የምንይችል፣ የሰሊጥ እርሻ ዘበኛ ሆኖ የዝናብ መለኪያዋንም ሲያነብ የኖረው። ያለፈው ኸሪፍ፣ ክረምቱ፣ ሐምሌውም ነሐሴውም፣ ቡናማ። ውሸት።

ዘንቧል እንጅ፣ ዘንቦ አይደል እንዴ ለአባቱ ቀብር ያልደረሰው፣ ትራክተሩ ጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ሰምጦ፣ ሹፌሩ ወላሂ ከዚህ ወዲያ አይሞከርም ብሎ ሞተሩን አጥፍቶ፣ እሱ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ እየነፈረቀ፣ መንገድ መሀል ቀረ።

ታዲያ ዜሮው ከየት መጣ። ከሂያም ነው፣ ምስኪን፣ ከቢሮ በየጠዋቱ ለየእርሻው የምትደውለው እሷ ናት፣ ዛሬስ አሚ ምንይችል፣ አጎቴ፣ ስትለው ካልዘነበ በዐረብኛ ማፊ ይላታል፣ የለም፣ እሷም ዜሮ ትመዘግባለች፣ እሱ ሲሞት ስልኩን ጓደኛው ታምሬ አነሳው፣ ዛሬስ አለች፣ ማፊ አላት፣ ሰውዬው የለም ማለቱ ነበር፣ ዜሮ፣ በማግስቱም ማፊ፣ ዜሮ፣ ስልኩ ሲዘጋም ያው ዜሮ። ሰማኸኝ ያኔ እዚህ ቢሮ ገና አልተቀጠረም፣ ማን ይንገራት። አባየ፣ ድርቅ ሆነህ ቀረህ።

ዝቅ በል ይለው ነበር ልጅ ሳለ፣ ዓይንህን ከመለኪያዋ ውሃ እኩል አርግ፣ ከላይ ካየኸው ትሳሳታለህ፣ ሁለቱም ጭቃው ላይ በደረታቸው ተኝተው፣ ካነበቡ በኋላ ውሃውን አናቱ ላይ ያፈስበታል፣ በል አሁን አንተም ተለካህ፣ ቀዝቃዛ፣ አንገቱ ስር የሚገባ፣ አባቱ እየሳቀ፣ ያ ሳቅ እንዴት ይናፍቃል።

አለቃው ሉጥፊ ከኋላው ቆሟል። ዜሮው ባለበት ይሁን ይላል፣ ቀዳዳ ያለው ሥዕል ለማን ይታያል። ሰማኸኝ አይሰማም፣ ዜሮዎቹን ነቅሎ ናን ይተካል፣ ቁጥር የለም ማለት ነው፣ ያስኬደዋል፣ ቡናማው ጠፍቶ ነጭ ሆነ፣ ሥዕሉን የሚስለው ፕሮግራም፣ ማትፕሎትሊብ፣ ለጎደለው ቀለም ካልመረጡለት እንዲሁ ባዶውን ይተወዋል፣ ማንም እዚያ እንዳልኖረ። አይሆንም። ለጎደለው ቀለም የሚሰጠው ትእዛዝ ደግሞ በእንግሊዝኛ ሴት ባድ ይባላል፣ ባድ፣ መጥፎ፣ እግዜር ይይላችሁ፣ ምንይችል መጥፎ፣ ይሁን፣ ይጽፈዋል፣ ቀለሙን ግን ራሱ ይመርጣል፣ የዚያን ቀን ጭቃ፣ እርጥብ፣ ጥቁር ግራጫ።

ረድፏ ጠቆረች። ሉጥፊ ጣቱን ያስጠጋል፣ ይህስ ምንድነው።

ማፊ፣ ይላል ሰማኸኝ።

ዝናቡ?

ዝናቡማ ነበር። አባቴ ነው የሌለው።