ወፍ ያባረርኩ ቀን

ያደረግሁትን ራሴው ልናገር፤ ሌላ ሰው አጣሞ ከሚያወራው ይሻላል።

የልጅ ልጄ ዲና ወፍ ትቆጥራለች። ሥራ የጠፋ ይመስል! ያውም በነጻ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ "እማማ፣ ዛሬ ፈተናዬ ነው፤ ይምጡና ይዩኝ" ብላ ለንደን ካለው ሰፈራችን ከአርችዌይ ተነሥተን በባቡር ሳውዝኤንድ ባሕር ዳር ወሰደችኝ። ባሕሩ ሲሞላ ጭቃው ይሸፈንና እግረ ረጃጅሞቹ ወፎች በተረፈችው አሸዋ ላይ ይታጨቃሉ። ያኔ በትክክል ከቆጠረች ያ ዳርቻ የእሷ ኃላፊነት ይሆናል። ዓመት ሙሉ ብርድ የተመታችው ለዚህ ነው።

የሚፈትናት ቤንጃሚን የሚባል ሸበቶ እንግሊዝ ነው። ሰላም ሲል እንኳ በሹክሹክታ። የሩቅ ማያ መነጽር አንገቴ ላይ አጠለቀልኝና በዚያው ሹክሹክታው አንድ ነገር ጠየቀኝ።

"ምን አለ?"

"ወፍ ተመልክተው ያውቃሉ ወይ ነው የሚልዎት" አለች ዲና ሳቋን ይዛ።

"እኔን? በሰባት ዓመቴ ማማ ላይ ወጥቼ የአባቴን ማሽላ ከወፍ የጠበቅሁ ነኝ በይው! በአንድ ጩኸት ነበር ጠራርጌ የማባርረው በይው!"

"በኋላ እነግረዋለሁ። አሁን ዝም ይበሉልኝ፣ በማርያም።"

ሦስት ጊዜ ለመነችኝ። አጎንብሳ መቁጠር ጀመረች። ገና ጉሮሮዬን ስጠርግ ሰውዬው ዞር አለና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገብኝ። እኔ ጽጌ ላይ!

ደሜ ፈላ። የአንገት ልብሴን ፈትቼ እንደ ጅራፍ አሽከረከርኩና "እሽ! ሃይ! ሃይ!" ብዬ ለቀቅኩት።

ያ ሁሉ ወፍ ግር ብሎ ተነሣ። ምን ልዋሽ፣ ለአፍታ ኮራሁ። ከዚያ የዲናን ፊት አየሁ።

"ዝም በሉ አላልሻቸውም?" አላት ሰውዬው።

"ረሳሁት" አለች። "ጥፋቱ የእኔ ነው።"

"ይህን የሚረሳ ሰው ዳርቻ አይሰጠውም" ብሎ ደብተሩን ዘጋ።

ሃያ ዓመት ሃርልስደን ውስጥ ቢሮ ጠርጌአለሁ፤ እንግሊዝኛቸው አይጠፋኝም። ሁሉንም ሰማሁ። ሰምቼም የአንገት ልብሴን እያስተካከልኩ ዝም አልኩ። ዝም ማለት ያማረኝ ያኔ ነው።

ስንመለስ ባቡር ውስጥ ዲና የያዘችውን ዳቦ ቆርሳ ትልቁን ለእኔ ሰጠችኝ። መልሼ እጇ ላይ አኖርኩት።

"ስደቢኝ እንጂ!"

"ምን ብዬ፣ እማማ?"

"ደውዪለት።"

"ይተዉት፣ አለቀ።"

"ደውዪ አልኩሽ!"

ስልኩን ድምፁ እንዲሰማ አድርጋ ያዘችልኝ። ሰዉ ሁሉ እያየኝ፣ ባለችኝ እንግሊዝኛ፣ ሦስት ጊዜ ነግራኛለች፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኩት። ይቅርታ የምትለዋን ቃል ለማውጣት አንድ ጣቢያ አለፈ። ለነጭም ለጥቁርም ብያት አላውቅም።

ሰውዬው ለዲና የሆነ ነገር ተናገረ። ፊቷ በራ።

"መስከረም ላይ ደግመሽ ተፈተኚ ብሎኛል!"

አያትሽን ግን እንዳታመጪ ያላትን ዘለለችልኝ። እኔም እንዳልሰማ ሆንኩ።