በኩርባው መስታወት ውስጥ

ሂሳኦ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በዚያ ዕድሜ የሚነዳ ሰው መኪናው ላይ የሚለጥፈውን የቅጠል ምልክት ግን ከተሰጠው ጀምሮ ከመኪናው መሳቢያ አላወጣውም። ቶኪዮ ያለችው ልጁ ሳቶኮ መንጃ ፈቃድህን መልስ እያለች ስትወተውተው ከረመች። በመጨረሻ ከሚስቱ ከሱሚዬ ጋር ተዋዋለ፤ በመጸው የሚቀላውን የዘንድሮውን ቅጠል ለማየት ተራራውን ይዟት ይወጣል፤ በመንገድ ላይ አንድ ስሕተት ከሠራ ቁልፉን ይሰጣታል፣ ካልሠራ ጭቅጭቁ ያበቃል።

አንድም አልሠራም። ሱሚዬ ራሷ ገርሟታል። ዳገቱ ይጥመለመላል፣ ግራና ቀኙ እሳት የተለቀቀበት ይመስል ቀልቷል፣ ሂሳኦም ሽማግሌው እንዴት ነው እያለ ይኩራራባታል። እሷ ደግሞ ከያዘችው የሩዝ ጥቅልል እያጎረሰችው፣ አፍህን ዘግተህ ንዳ ትለዋለች።

ከኋላቸው ነጭ መኪና መኖሩን ያየችው የሚመጣ መኪና እንዲታይ በየኩርባው ከተተከሉት ክብ መስታወቶች በአንዱ ነው። ልክ እንደነሱ መኪና ያለ፣ አሮጌ። ዳር ያዝለትና ይለፍ አለችው። ያዘ፤ ጠበቁ። ቅጠል እየተንሳፈፈ አስፋልቱ ላይ አረፈ እንጂ ያለፈ የለም። ዞራ ብታይ መንገዱ ባዶ ነው።

በሚቀጥለው ኩርባ ግን መስታወቱ ውስጥ ነበረ፤ ቀርቧል። ኮፈኑ ላይ የቅጠሉ ምልክት ተለጥፏል። የሚነዳው ሽማግሌ የሂሳኦን ኮፍያ አድርጓል። ከጎኑ ያለው ወንበር ላይ ማንም የለም፤ ቀበቶው ግን ታስሯል።

ሂሳኦ ፍጥነቱን እየቀነሰ ሄዶ አንድ ሻይ ቤት ፊት ቆመና ሞተሩን አጠፋ። እጁ መሪው ላይ ቀረ።

"ከጎኑ ሰው ነበር?" አላት።

"ከማን ጎን?"

"አትቀልጂብኝ፣ ሱሚዬ።"

ቁልፉን ነቅሎ መዳፏ ላይ አኖረው፤ በላቡ ርሷል። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ያን የቅጠል ምልክት አወጣና ሁለት ቦታ ቀደደው።

በአውቶቡስ ወረዱ። እሷን በመተላለፊያው በኩል አስቀምጦ እሱ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ፤ የጃኬቷን እጅጌ እንደጨበጠ ነው። ኩርባ በመጣ ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል።

"አለ?" ይላታል።

"የለም" ትለዋለች።

እሷም ጨፍናለች።