ከብሌር ተራራ አናት ላይ የነበረው ሰው

የባሏን አባት፣ ሽማግሌውን ኦርቪልን፣ ለኩላሊት እጥበት ወደ ቻርልስተን የምታመላልሳቸው ላቬርን ናት። መንገዱን ሙሉ ሲነጫነጩ ስላስቸገሯት ፖድካስት መክፈት ጀመረች፤ ብዙ ሰው የማያውቀውን የአሜሪካ ታሪክ የሚተርክ ነው። ቦስተን ከተማን ያጥለቀለቀው የሞላሰስ፣ የወፍራም ስኳር ሽሮፕ፣ ጎርፍ ሲተረክ ሽማግሌው፣ «ሰው በሽሮፕ ሰጠመ? ሂጂ ወዲያ!» ብለው ነበር። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ሰሙት።

አንድ ሐሙስ የሚተረከው የራሳቸው አገር ታሪክ ሆነ። ከመቶ ዓመት በፊት፣ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጉ የድንጋይ ከሰል ሠራተኞች ለማኅበራቸው መብት መሣሪያ አንስተው ወደ ብሌር ተራራ ሲዘምቱ፣ ከአውሮፕላን ቦምብ ተጣለባቸው። ላቬርን እዚሁ ዌስት ቨርጂኒያ ተወልዳ ተምራ ስለ አውሮፕላኑ ሰምታ አታውቅም። ውጊያውን ግን ታውቃለች። ባሏ ክሊንት፣ አያቱ ኤሊስ የዘማቾቹን ምልክት፣ ቀይ መሐረብ፣ አንገቱ ላይ አስሮ ከሠራተኞቹ ጋር መዋጋቱን ያላወራለት ሰው የለም።

«አባባ፣ የአባትዎን ነገር እኮ ነው የሚያወሩት!» አለች ድምፁን ከፍ እያደረገች።

«ዝጊው።»

«ምነው? ትንሽ እንስማ እንጂ...»

«ዝጊው አልኩሽ!»

ዘጋችው። ብዙ ከተጓዙ በኋላ ሽማግሌው በመስኮት እያዩ፣ «አባቴ ከላይ ነበር» አሉ።

«ከላይ ማለት?»

«ተራራው አናት ላይ መሽገው ከሚተኩሱት፣ ከከሰል ኩባንያዎቹ ሰዎች ጋር። የመሐረቡን ወሬ ራሱ ነው የፈጠረው። እውነቱን የነገረኝ ሊሞት ሲል ነው። ክሊንት እንዳይሰማ።»

«እኔ ከባሌ ነገር አልደብቅም» አለች ላቬርን። «መንገር ያለብዎት ግን እርስዎ ነዎት።»

እሑድ ምሳ ላይ፣ ከባቄላው ሳህን ቀና ሳይሉ ተናገሩት። ክሊንት ቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ የአባቱን ፊት አየና ሹካውን አስቀምጦ ወደ በረንዳ ወጣ። ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው ተከተሉት።

«ሰው ገድሏል?»

«አላውቅም። ብጠይቀው ዝም አለኝ።»

«አባዬ፣ እኔ እኮ የሠራተኛ ማኅበራችን አዳራሽ ቆሜ ስለ እሱ ንግግር አድርጌአለሁ!»

«ንግግሩ ጥሩ ነበር።»

ክሊንት ጀርባውን ሰጣቸው። ያን ሰሞን ራቱን ለብቻው በረንዳው ላይ ይበላ ነበር። በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ ግን፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ተነስቶ ሁሉንም ተናገረ። ሆባርት የሚባሉ፣ አያታቸው ተራራውን ሲወጡ ከተተኮሰባቸው ሠራተኞች አንዱ የነበሩ ጡረተኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አያትህ ተኩስ አይችልም ነበር ማለት ነው» አሉ። «ይኸው አያቴ ተርፎ፣ እኔ ተወልጄ፣ አንተን ቆሜ እየሰማሁህ አይደል?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ክሊንትም እየሳቀ ተቀመጠ።