ለዳገት የሚሆን ፓምፕ

ታላቅ ወንድሜ ደሜን አፍልቶታል። ቆይ፣ ከነምክንያቱ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ጋራዡ የሁለታችን ነው፤ አባታችን ሲያርፍ ለሁለታችን እኩል ተወልን። ጋሼ ግን ቀድሞኝ ስለተወለደ ሞተርም ቀድሞኝ ያወቀ ይመስለዋል። ትንሿ እህታችን አዋላጅ ናት። ሁሉም ጎማዋ በሚጎትት አሮጌ መኪና ዳገቱን እየወጣች፣ ምጥ የያዛቸውን ሴቶች ወደ ጤና ጣቢያ ታወርዳለች። የመኪናዋ የካርቡራተር ሞተር ደክሞ ስለነበር ጋሼ አውጥቶ ነዳጁን በፓምፕ ግፊት የሚረጭ የኢንጀክሽን ሞተር ገጠመላት። ከዚያ ወዲህ ዳገት ላይ ቀጥ ማለት አመጣች። ባለፈው ሳምንት ከኋላ ነፍሰ ጡር ተኝታ ሳለ ሞተሩ ጠፋ፤ ሞተሩ ሲጠፋ ፍሬኑም ደነደነ። ትንሿ የእጅ ፍሬኑን ስባ፣ መሪውን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ድንጋዩ ባታዞር ኖሮ ዛሬ ለቅሶ ላይ ነበርን።

ጋሼ ይህን ሰምቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ዳገት መንዳት አትችልም።» ያውም በደንበኞች ፊት፣ እሷው እዚያ ቆማ። ያን መንገድ ስንት ዓመት ስትመላለስበት የኖረች ልጅ አንገቷን ደፍታ ወጣች። ከሰዓት ደወለችልኝ።

«እትዬ፣ ቁልፉን ልመልስ ነው» አለችኝ። «ሰው ከምገድል ቢቀርብኝ ይሻላል።»

እሷ ከተወችው ወደዚያ የሚወጣ ሌላ ሹፌር የለም። እዚያ ላይ ያሉት ሴቶች በቃሬዛ ይወርዳሉ፣ ወይም አይወርዱም።

በማግስቱ ጋራዥ ስገባ ጋሼ አዲስ የነዳጅ ፓምፕ ታቅፎ ደረቱን ነፍቷል። «የውድድር መኪና ፓምፕ ነው። የእሷን ድክመት ይሄ ይሸፍንላታል» ይለኛል። ከታንኩ አርቆ፣ ጭቃ እንዳይነካው ብሎ ሻንሲው ላይ ከፍ አድርጎ ሊያስረው ነው። አባታችን በካርቡራተር ዘመን እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። እሱ እንዳደረገው ካልሆነ ጋሼ እንቅልፍ አይወስደውም።

«ይሄ ፓምፕ መግፋት እንጂ መሳብ አይሆንለትም» አልኩት። «ደግሞ የጎደለው ጉልበት አይደለም። ታንኩ ሩብ ሆኖ ዳገት ስትይዝ ነዳጁ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ መምጠጫው አየር ይስባል። ካርቡራተር ሆዱ ውስጥ የሚያቆያት ነዳጅ ነበረችው። ኢንጀክሽን አየር ከቀመሰ ወዲያው ይጠፋል።»

«ታዲያ ታንኩን አትሞላም?»

«በቆመችበት ሌቦች በቱቦ እየቀዱባት! ከሩብ በላይ አትሙዪ ያላት አባታችን አይደለም? ወይስ ሌባውን አንተ ትጠብቅላታለህ?»

«እና ምን ይሁን ነው የምትዪው?»

«ሁለት ፓምፕ። ትንሹ ታንኩ ውስጥ ይግባና ጠርሙስ የምታክል የመጠባበቂያ ታንክ ይሙላ። ትልቁ ከመጠባበቂያዋ ይቅዳ። ታንኩ ቢንቦጫረቅም እሷ አትጎድልም።»

«ሁለት ፓምፕ ሁለት ብልሽት ነው» አለ። «አንቺ ደግሞ ነገር ማወሳሰብ ትወጃለሽ።»

አፌ ላይ የመጣውን ብናገር ጎረቤት ይሰበሰብ ነበር። ዋጥ አደረግሁትና «እሰረው። አስረህ ስትጨርስ ሩብ ታንክ ይዘህ አንተው ንዳት፤ እኔም ጎንህ እቀመጣለሁ» አልኩት።

አሰረው። ወጣን። ፓምፑ እንደ ንብ ይጮኻል፣ ጋሼ ፈገግ እንዳለ ነው። ባለፈው ሳምንት ሞተሩ እህቴ ላይ የጠፋበት መታጠፊያ ጋ ስንደርስ መኪናዋ ሁለቴ ተንገጫገጨችና ጠፋች። ጋሼ ፍሬኑን ረገጠ፣ ደነደነበት። በሁለት እግሩ ቆመበት፤ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን። መሪውን የሙጥኝ ብሎ ፈዞ ቀረ። የእጅ ፍሬኑን የሳብኩት እኔ ነኝ።

«አንተም መንዳት አትችልም እንዴ?» አልኩት። ግንባሩን ጠረገ።

በልመና አስነሥተን ስንመለስ ትንሿ ቁልፏን ይዛ ግቢው ውስጥ ቆማለች። ያን ዕለት ንግግሩን የሰሙት ደንበኞችም መኪናቸውን ሊወስዱ መጥተዋል። ጋሼ ወረደና እሷን ሳያያት ወደ እኔ ዞሮ «እሺ፣ ሁለት ፓምፕ ይሁን» አለ። በእሱ ቤት ይቅርታ መጠየቁ ነው። የባሰ ተናደድኩ።

«ስለ ፓምፕ ማን ጠየቀህ? በሰው ፊት ነው የተናገርከው፣ በሰው ፊት አንሣው።»

«ጥፋቱ የሞተሩ ነው» አለ።

«ሞተሩን ማን ገጠመው?»

እጁ ላይ ያለውን ግራሶ ሱሪው ላይ አበሰ። «እኔ» አለና ወደ ትንሿ ዞረ። «እኔ ባዶዋን መኪና መያዝ አቃተኝ። አንቺ ሰው ጭነሽ ይዘሻታል።»

ትንሿ ቁልፉን የዘረጋችበትን እጇን ሰበሰበች። እንባዋ መጥቶ ነበር፣ ግን አላለቀሰችም።

«ቶሎ ጨርሱልኝ» አለች። «እዚያ ላይ ቀኗ የደረሰ ሴት አለችኝ።»

ጋሼ መኪናው ሥር ገባ። እኔም ንዴቴ ሳይበርድልኝ መፍቻ አቀበልኩት።