አሥራ ሦስት ሰዓት ከሃያ

የብርድ ልብስ ፋብሪካው ሰርቨር ምት መመዝገብ የጀመረው ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከዚያ በፊት እንደማንኛውም ሰርቨር የራሱን ውሎ ብቻ ነበር የሚመዘግበው፤ መብራት ስንት ሰዓት እንደጠፋ፣ ማን በይለፍ ቃሉ እንደገባ፣ የትኛው ዲስክ እንደሞላ። ይህን ሁሉ ሎግ በሚባል ፋይል ውስጥ፣ በየመስመሩ ሰዓት እያስቀደመ ይጽፋል። የዚያን ዕለት ግን ዲስኩ ሰባ በመቶ መሙላቱን ከሚናገረው መስመር ቀጥሎ እንዲህ የሚል ተገኘ፦ «09፡15፣ አራተኛ ማሽን፣ ግራ ጆሮ፣ ጥፊ።»

መስመሩን ገና ሁለት ሰዓት ላይ ያገኘችው ምንትዋብ ናት። ምንትዋብ የፋብሪካው የኮምፒዩተር ባለሙያ ስትሆን፣ ሎጉን የሚያነብላትን ፕሮግራም ሲ በሚባል የኮምፒዩተር ቋንቋ የጻፈችው ራሷ ናት። ፕሮግራሙ ትንሽ ነው፤ ፋይሉን ይከፍታል፣ መስመር በመስመር ያነባል፣ የሚረባውን ከማይረባው ለይቶ ያትማል፣ ፋይሉን ይዘጋል። አንድ ተጨማሪ ሥራም አለው። ሰርቨሩ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚቆጥር ከእያንዳንዱ ሰዓት ላይ ስድስት ይቀንሳል፤ አሥራ ሁለት ሲያልፍ ደግሞ ወደ አንድ ይመልሳል። ይህን ያስገባችው ሥራ አስኪያጁ አቶ ተስፋሁነኝ የፈረንጁ ዘጠኝ ሰዓት የእኛ ዘጠኝ መስሏቸው አንድ ትልቅ ስብሰባ ካመለጣቸው በኋላ ነው።

ሦስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን አራተኛው ማሽን ላይ ይሠራ የነበረው ለገሠ ግራ ጆሮውን በጥፊ ተመታ። የመታው ሰው አልነበረም። ለገሠ ወለሉ ላይ ወደቀ፣ ከጆሮው ደም ወጣ፣ አምስት ጣቶች ጉንጩ ላይ ቀልተው እስከ ምሳ ሰዓት ታዩ። የክሊኒኳ ነርስ የጣቶቹን አቅጣጫ አይታ «መቺው ግራኝ አይደለም» ብላ መዝገቧ ላይ ጻፈች።

በማግስቱ ሦስት መስመር መጣ። ብርቄ የምትባል ሠራተኛ ክርኗ በብረት ተሰበረ፤ የአንድ የጥገና ሠራተኛ ሁለት ጥርሶች በቡጢ ረገፉ። ሦስተኛው ዘጠነኛው ማሽን ላይ የተጻፈ መዶሻ ነበር። የዘጠነኛው ማሽን ኦፕሬተር ፈርቶ ስለሸሸ መዶሻው ያረፈው ማሽኑ ላይ ሆነና ማሽኑ ለሁለት ተሰነጠቀ።

አቶ ተስፋሁነኝ ነገሩን በቁም ነገር የያዙት ያን ጊዜ ነው። ሠራተኛውን ሰብስበው፣ ሰው በመጎዳቱ ማዘናቸውን ገልጸው፣ ክርን እንደሚጠገን፣ የዚያ ማሽን መለዋወጫ ግን መመረቱን ካቆመ ሃያ ዓመት እንዳለፈው አስረዱ። ከዛሬ ጀምሮ የትኛውም ማሽን ለአንዲት ደቂቃ ባዶ እንዳይሆን አዘዙ። ለሠራተኛውም ያሰቡለት ነገር ነበር። ምንትዋብ በየጠዋቱ ከሎጉ የምታትመው ወረቀት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ባለተራው ሰዓቱን አውቆ ይዘጋጃል። ይህን ሲሉ አንዳንዱ አጨበጨበ። ሰው መቼም ላጨብጭብ ካለ ምክንያት አያጣም።

ሠራተኛው ለመደው። ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ ሰሌዳው ጋ ይሄዳል። ሆዱ ላይ የተጻፈበት ቁርስ አይበላም፤ ጀርባው ላይ የተጻፈበት ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ ይቆማል። ብርድ ልብሱ ምንም አይረዳም፤ ተረፈ ምርት ስለሆነ ግን የሚከለክል አልነበረም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከመቶ አርባው ሠራተኛ ሠላሳ ስምንቱ በፋሻ ታስሮ ይሠራ ነበር።

ምንትዋብ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። አንድ ቀን አንድ መስመር ዘልላ አተመች፤ የዚያን ቀን በአንድ ሰው ፈንታ ሁለት ሰው ተመታ። ሌላ ቀን «ፍልጥ» የሚለውን «ጥጥ» ብላ ለወጠችው። አንተነህ የሚባል ኦፕሬተር በተጻፈው ደቂቃ ትንፋሽ አጠረው፤ ነርሷ ከጉሮሮው ውስጥ ግማሽ ኪሎ ጥጥ ስባ አወጣች። አንተነህ ተረፈ፣ ድምፁ ግን አልተመለሰም። ምንትዋብ ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች፣ ፊቷን ታጠበች፣ መምቻውን የሚናገረውን ቃል ዳግመኛ ላትነካ ማለች።

የሠራላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም በስሕተት። አንድ ሐሙስ ፕሮግራሙን ስታስተካክል ስድስት መቀነሱን ረሳችው። ሎጉ ላይ 08፡40 የነበረው ጥፊ ወረቀቱም ላይ ስምንት ሰዓት ከአርባ ሆኖ ታተመ። በትክክለኛው ስሌት ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአርባ መምጣት ነበረበት። አልመጣም። ቀን ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ መጣ። ምቱ የሚከተለው ሰርቨሩን ሳይሆን እሷ ያተመችውን ወረቀት ነበር። ይህን ለማንም ሳትናገር ሆዷ ውስጥ ያዘችው።

ታኅሣሥ ሦስት ቀን ሎጉ ውስጥ የተገኘው ምት አንድ ብቻ ነበር፦ «10፡20፣ አሥራ አንደኛ ማሽን፣ አንገት፣ መጥረቢያ።» እስከዚያ ቀን መጥረቢያ መጥቶ አያውቅም። ስድስት ሲቀነስ አራት ሰዓት ከሃያ ነው። በጠዋቱ ፈረቃ አሥራ አንደኛው ማሽን ላይ የምትቆመው የውብዳር ናት። የውብዳር የምንትዋብ ታላቅ እህት ናት። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት፤ ምንትዋብ ከእሷ በቀር ሰው የላትም።

ምንትዋብ ምንም ሳታትም ወደ ሽመና ክፍሉ ወረደች። ማሽኑ ባዶ ስለማይሆን እዚያው ቆማ በጆሮዋ ነገረቻት።

«እትዬ፣ ዛሬ አንቺ ጋ ነው።»

«የቴ ላይ?»

«አንገትሽ ላይ። በመጥረቢያ።»

የውብዳር የተበጠሰ ክር ቋጠረች። «ስንት ሰዓት?»

«አራት ከሃያ። ግን ማዞር እችላለሁ። ስድስቱን ካልቀነስኩት ከሰዓት አሥር ከሃያ ይሆናል። ያን ጊዜ አንቺ ቤትሽ ነሽ።»

«ከሰዓት እዚህ የምትቆመው ዘርትሁን ናት።»

«አውቃለሁ።»

«ከወሊድ ከተመለሰች ሳምንቷ ነው።»

«አውቃለሁ አልኩሽ፣ እትዬ።»

«ካወቅሽ ምን ታደርቂኛለሽ? እንዳለ ለጥፊው።»

«አልለጥፍም።»

«ትለጥፊዋለሽ። እኔ ያሳደግኩሽ የአራስ አንገት እንድታስቆርጪ አይደለም።»

ምንትዋብ ወደ ቢሮዋ ተመለሰች። ሦስት ሰዓት ሆኗል። በእህቷ ደግነት ደሟ ፈላ፤ እንዲህ ያለውን ደግነት ማን ጠየቃት አለች። እህቷን ከራሷ አብልጣ ትወዳለች፤ ዘርትሁንን ግን የምታውቃት በስሟ ብቻ ነው። ሦስት ጊዜ አሥር ሰዓት ከሃያ ብላ ጻፈች፤ ሦስት ጊዜ አጠፋችው።

ከዚያ ወደ ግድግዳው ሰዓት ቀና አለች። ቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፣ ሌሊቱም አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ከአሥራ ሁለት በኋላ የሚመጣው አንድ ነው። አሥራ ሦስት ሰዓት ብሎ የተቃጠረ ሰው አታውቅም። «ስድስት ቀንስ» የሚለውን «ሦስት ደምር» አደረገችው፤ አሥራ ሁለት ሲያልፍ ወደ አንድ የሚመልሰውን መስመር አጠፋችው። ፕሪንተሩ «13፡20፣ አሥራ አንደኛ ማሽን፣ አንገት፣ መጥረቢያ» ብሎ አወጣ። ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር በሆነበት አገር እየኖሩ አሥራ ሦስት ሰዓት የለም ብሎ መተማመን ድፍረት ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን ይህን ማን ያስባል።

ወረቀቱን ለጠፈችው። አቶ ተስፋሁነኝ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«አሥራ ሦስት ሰዓት መቼ ነው?»

«የለም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ማንን ልመድብ?»

«ማንንም።»

«ማሽን ባዶ አይሆንም» አሉ አቶ ተስፋሁነኝ። «ሰዓቱን ያወጣው ሰው ይቆምበታል።» ከወረቀቱ ግርጌ የምንትዋብን ስም በእስክሪብቶ ጽፈው ፈረሙ፤ ማኅተም አስመቱበት። ምንትዋብ አልተከራከረችም። በሌለ ሰዓት ተረኛ መሆን ምን ይጎዳል ብላ ነው።

አራት ሰዓት ከሃያ ሲሆን የውብዳር ክር ትቋጥር ነበር። ምንትዋብ በሩ አጠገብ ቆማ የእህቷን አንገት ታያለች። የወረደ ነገር የለም። አራት ሰዓት ከሃያ አንድ ሲሆን ምንትዋብ መሬት ላይ ተቀመጠች። በስምንት ሰዓት የውብዳር ወጣች፣ ዘርትሁን ገባች፤ አሥር ሰዓት ከሃያም እንዲሁ በሰላም አለፈ። ምንትዋብ በዕድሜዋ እንደዚያ ቀን ተደስታ አታውቅም። የተጠራቀመ ሥራዋን ሁሉ እያንጎራጎረች ጨረሰች።

ለመውጣት ቦርሳዋን ያነሣችው አመሻሹ ላይ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ዘጠኝ ሲል ነው። ከአንድ ደቂቃ በኋላ አንድ ሰዓት መሆን ነበረበት። አልሆነም። ግድግዳው ሰዓት ላይ በአሥራ ሁለትና በአንድ መካከል አንድ ቁጥር ተጨምሮ ነበር፣ በዚያው ቀለም፣ በዚያው መጠን፤ ትንሹ ዘንግ እሱ ላይ አረፈ። ፀሐይ ገብታለች፣ ጨለማው ግን አልመጣም። መስኮቱ ግራጫ ሆኖ ቀረ።

መውረድ አልፈለገችም፤ ግን ተረኛ ስለነበረች እግሯ ወሰዳት። ሽመና ክፍሉ ውስጥ ማሽኖቹ ሁሉ ቆመዋል። ከእያንዳንዱ ማሽን ጀርባ ሰው አለ። ለገሠ ቀኝ መዳፉን ዘርግቶ ቆሟል። ብርቄ የተሰበረ ክንዷ አንገቷ ላይ ታስሮ በደህናው እጇ ብረት ይዛለች። አንተነህ ሁለት እፍኝ ጥጥ ይዟል። ዘርትሁን ልጇን አዝላ መዶሻ ይዛለች። ማንም አላፈጠጠባትም፤ ሁሉም ሥራ ላይ ነበር።

ከአሥራ አንደኛው ማሽን ጀርባ የቆመችው የውብዳር ናት። መጥረቢያውን ተደግፋ ወረቀቱን ታነባለች።

«እትዬ» አለች ምንትዋብ።

«መጣሽ? ቦታሽ እዚያ ነው፣ ቢጫው መስመር ላይ።»

ምንትዋብ ቢጫው መስመር ላይ ቆመች። «ሁልጊዜም መቺዎቹ እናንተ ናችሁ?»

«እየተቀያየርን ነው።»

«ማስቀረት አይቻልም?»

የውብዳር ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አስጠግታ ማኅተሙን አየች። «ተፈርሞበታል» አለች።

«ስንት ደቂቃ አለኝ?»

«አሥራ ሁለት።»

የውብዳር መጥረቢያውን ማሽኑ ላይ አስደገፈችው። ከማሽኑ አንድ ክር በጥሳ ወደ እህቷ ቀረበች፤ ፀጉሯን ከአንገቷ ላይ ሰብስባ ወደ ላይ አሰረችው። እንዳያማት ቀስ ብላ ነው የቋጠረችው። የሸሚዟን ኮሌታ ደም እንዳይነካው ወደ ውስጥ አጠፈችላት። ከዚያ መዳፏን በሥራ ልብሷ ላይ ጠረገች፣ መጥረቢያውን አነሣች፣ ወደ ግድግዳው ሰዓት ዞራ መጠበቅ ጀመረች። በየማሽኑ ጀርባ ያሉትም ሁሉ ቀና ብለው ሰዓቱን ያዩ ነበር፤ ዘርትሁን ያዘለችው ሕፃንም ጭምር።